የግጦሽ መሬታችን ስንት ዓይነት ዕፅ ይዟል?

በወል ግጦሽ መሬት ላይ ስለሚደረግ የዕፅዋት ዝርያ ቆጠራ ለሰበካ ጉባኤ አባላትና ለካህናት የቀረበ ንግግር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ ዘወትር የምንረግጠው፣ ከብቶቻችን የሚኖሩበት፣ ሆኖም በጉባኤያችን ቃለ ጉባኤ ላይ ስሙ እምብዛም የማይነሣ ፍጥረት ነው። እርሱም ሣር ነው።

በየአጥቢያው እንደምታውቁት በቤተ ክርስቲያናችን ዙሪያ የነበረው የወል ግጦሽ መሬት እየጠበበ ሄዷል። ከፊሉ ታርሷል፤ ከፊሉ ባሕር ዛፍ ተተክሎበታል፤ የቀረውም ቀድሞ በሰፊው ሜዳ ይሰማሩ የነበሩትን ከብቶች ሁሉ ለብቻው ተሸክሟል። ስለዚህም በየዓመቱ ሦስት ዓይነት ሐሳብ ወደ ሰበካ ጉባኤው ይቀርባል። አንዱ ወገን «መሬቱ ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ነፃ ይሁን» ይላል። ሌላው «ዛፍ ተክለን ለቤተ ክርስቲያኑ ገቢ እናግኝበት» ይላል። ሦስተኛው ደግሞ «በሬዎቻችን የሚውሉበት አጡ፤ የተከለለው ይከፈት» ሲል አቤቱታ ያሰማል። ሦስቱም ወገኖች ምክንያት አላቸው፤ ጥያቄያቸውም የኑሮ ጥያቄ ነው። ነገር ግን በመካከላቸው ለመፍረድ አስቀድሞ መመለስ ያለበት ጥያቄ አለ፤ መሬቱ ዛሬ በምን ሁኔታ ላይ ይገኛል? ከአምናውስ ተሻሽሏል ወይስ ተጎድቷል?

ለዚህ ጥያቄ በብዙ ሪፖርቶች ላይ የምናነበው መልስ «መሬቱ ለምልሟል» የሚል ነው። የዚህ ንግግር ዓላማ ይህ መልስ በቂ እንዳልሆነ ማስረዳት፣ የተሻለውንም መልስ ራሳችሁ እንድታገኙ መንገዱን ማሳየት ነው። ልምላሜ በሩቁ ይታያል፤ የመሬት ጤንነት ግን የሚታወቀው ጎንበስ ብለው ሲቆጥሩ ነው።

ከቅጥሩ ውስጥና ከቅጥሩ ውጭ

ቤተ ክርስቲያናችን ደን በመጠበቅ ስሟ በዓለም ተጠርቷል። ይህ ስም ከምስጋና አልፎ በማስረጃ የተደገፈው ግን ደኑ ከተቆጠረ በኋላ ነው። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴና ባልደረቦቻቸው በደቡብ ጎንደር በ28 አብያተ ክርስቲያናት ደኖች ባደረጉት ጥናት 168 የዛፍና የቁጥቋጦ ዝርያዎችን መዝግበዋል። ያ ቁጥር ከታወቀ ወዲህ ስለ ቤተ ክርስቲያን ደን የሚነገረው ነገር ክብደት አገኘ፤ የትኛው ደን የትኛውን ዝርያ እንደያዘ፣ የትኛውም ለመጥፋት እንደተቃረበ በስም መናገር ተቻለ።

ከቅጥሩ ውጭ ያለው ሣር ግን በአብዛኛው አጥቢያ እስከ ዛሬ አልተቆጠረም። ይህ የሚያሳዝን ነው፤ ምክንያቱም ሣሩ ከቤተ ክርስቲያን አገልግሎት ተለይቶ አያውቅም። በቀዳም ሥዑር ካህናት ለምእመናን የሚያድሉት ቄጠማ ከረግረጉ ይመጣል። መሶቡ የሚሰፋው ከስንደዶና ከአክርማ ነው። የጥንቱ የቤተ ክርስቲያን ክዳን በየአካባቢው እንደሚበቅለው ከሰንበሌጥ ወይም ከጓሳ ሣር ነበር። ጧፍ የሚሠራበት ሰም ንቦች ከሜዳው አበባ፣ ከአደዩም ከማገጡም፣ ደክመው የሚያመጡት ነው። አንዱ ዓይነት ሌላውን አይተካም፤ ከቄጠማ መሶብ አይሰፋም፣ ከአክርማም ማር አይቀሰምም። እንግዲህ «ሣር» ብለን በአንድ ስም የምንጠራው ነገር በእውነቱ እያንዳንዱ የየራሱ ሥራ ያለው ብዙ ወገን ነው። በሥነ ፍጥረት ትምህርታችንም በሦስተኛው ቀን፣ በዕለተ ሠሉስ፣ ምድር ሣርንና ቡቃያን ያበቀለችው በየወገኑ እንደሆነ ይታወቃል። ወገን የሚለውን ቃል ልብ ልንለው ይገባል።

የዓይነት መብዛት ስለ ምን ይጠቅማል?

የዓይነት መብዛት የሚጠቅመው ለጌጥ አይደለም። በግጦሽ መሬት ላይ ያሉ ዕፅዋት ሥራ ተከፋፍለዋል። ማገጥና ዘመዶቹ ከአየር ናይትሮጅን ወስደው በሥሮቻቸው አማካይነት አፈሩን ያዳብራሉ፤ ለላሟም ወተት የሚሆን ገንቢ ምግብ ይሰጣሉ። ሥራቸው ጥልቅ የሆነ ሣሮች ዝናብ ሲዘገይ ከታች ውኃ ይስባሉ። በመሬት ላይ የሚሳበው ሰርዶ አፈሩን አቅፎ ከጎርፍ ይይዛል። አንዳንዱ በክረምት መጀመሪያ ቶሎ ይበቅላል፤ ሌላው ዘግይቶ ደርሶ ለበጋ ይቆያል። ከእነዚህ አንዱ ሲጎድል ሜዳው ወዲያው አይሞትም፤ የጎደለው ሥራ የሚታወቀው በክፉ ዓመት ነው።

ይህን ለማየት በሌላ አገር ረጅም ዘመን የተያዙ ሁለት መዝገቦችን እንጥቀስ። በእንግሊዝ አገር ሮታምስቴድ በተባለ የምርምር ጣቢያ ከ1856 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እስከ ዛሬ ያልተቋረጠ የድርቆሽ ሜዳ ሙከራ አለ። ማዳበሪያ ያልተጨመረባቸው ቦታዎች እስከ 40 የሚደርሱ የዕፅ ዓይነቶችን ሲይዙ፣ የአሞኒየም ማዳበሪያ ለረጅም ዘመን የተጨመረባቸውና አፈራቸው የኮመጠጠ ቦታዎች ሁለት ወይም ሦስት ዓይነት ብቻ ቀርቶባቸዋል። በሩቁ ለሚያይ ሰው ግን እነዚያም አረንጓዴ ናቸው። በአሜሪካ ሚኒሶታ ክፍለ ሀገር ደግሞ በ1988 እ.ኤ.አ. ብርቱ ድርቅ በሆነ ጊዜ፣ ዓይነታቸው የበዛ የሣር ቦታዎች ምርታቸው ወደ ግማሽ ገደማ ሲወርድ፣ ዓይነታቸው ያነሰው ከዚያ እጅግ በባሰ ደረጃ ዝቅ ማለቱን ዴቪድ ቲልማንና ባልደረባቸው ጽፈዋል። ድርቅን ለሚያውቅ ለእኛ ሕዝብ ይህ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። የዓይነት ብዛት ለክፉ ቀን እንደ ተቀመጠ ጎተራ ነው።

ሁለት ነገር እንቆጥራለን

የዕፅዋትን ብዝኃነት መለካት ስንል ሁለት ነገሮችን ማለታችን ነው። የመጀመሪያው «ስንት ዓይነት አለ?» የሚለው ነው። ሁለተኛው «ዓይነቶቹ መሬቱን እንዴት ተካፍለውታል?» የሚለው ነው። ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ብቻ ይቆጠርና ሁለተኛው ይረሳል።

ልዩነቱ በምሳሌ ይታይ። ሁለት ሜዳዎች አሉ እንበል። በሁለቱም ላይ አምስት አምስት ዓይነት ዕፅ ተገኝቷል። በመጀመሪያው ሜዳ ከመቶ እጅ አምስቱም ሃያ ሃያ ይዘዋል። በሁለተኛው ግን አንዱ ዓይነት ከመቶ 96 እጅ ይዞ፣ የቀሩት አራቱ አንድ አንድ እጅ ብቻ ደርሷቸዋል። ዓይነት ብቻ ብንቆጥር ሁለቱ ሜዳዎች እኩል ናቸው። ገበሬ ግን አይቶ እኩል ናቸው አይልም፤ ሁለተኛው ሜዳ የአንድ ዕፅ ሜዳ ሆኗል፣ አራቱም በአንድ በጋ ሊጠፉ ይችላሉ።

ኤድዋርድ ሲምፕሰን የተባሉ ሊቅ በ1949 እ.ኤ.አ. ይህን ልዩነት በአንድ ቁጥር የሚገልጽ ስሌት አቅርበዋል። ሐሳቡ ቀላል ነው። ዓይናችንን ጨፍነን ከሜዳው ሁለት ጊዜ ብንነቅል፣ የነቀልናቸው ሁለቱ ከተለያየ ወገን የመሆናቸው ዕድል ምን ያህል ነው? ለማስላት የእያንዳንዱን ዓይነት ድርሻ በራሱ እናባዛለን፤ ሁሉንም እንደምራለን፤ ድምሩን ከአንድ እንቀንሳለን። በመጀመሪያው ሜዳ 0.20 በ0.20 ሲባዛ 0.04 ይሆናል፤ አምስት ጊዜ ሲደመር 0.20፤ ከአንድ ሲቀነስ 0.80። በሁለተኛው ሜዳ 0.96 በ0.96 ሲባዛ 0.9216 ነው፤ የአራቱ ትንንሾች ድምር 0.0004፤ ጠቅላላው 0.922፤ ከአንድ ሲቀነስ 0.078። ከመቶ ሰማንያና ከመቶ ስምንት ገደማ ማለት ነው። ቁጥሩ ወደ አንድ ሲጠጋ ሜዳው የብዙዎች ነው፤ ወደ ዜሮ ሲጠጋ የአንድ ወገን ሆኗል። ይህን ስሌት የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣት በእጅ ስልኩ መሥራት ይችላል።

አቆጣጠሩ

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። የሚያስፈልገው መሣሪያ ውድ አይደለም፤ አንድ አንድ ሜትር የሆኑ አራት ቀጥ ያሉ እንጨቶች፣ ገመድ፣ ደብተር፣ እርሳስ፣ አሮጌ ጋዜጣ። እንጨቶቹን በማዕዘናቸው በማሰር አንድ ካሬ ሜትር የሚሆን ማዕቀፍ ይሠራል።

በመጀመሪያ ጊዜውን እንወስን። በደጋውና በወይና ደጋው ምቹው ወቅት መስከረም ነው፤ ዕፅዋቱ ስላበቡ አንዱን ከሌላው መለየት ይቻላል። ከመስቀል በዓል ቀጥሎ ያለው ሳምንት ለማስታወስ ይመቻል። ዝናቡ በሌላ ወራት በሚጥልባቸው ቆላማ ቦታዎች ደግሞ ሣሩ የሚያብብበት ሳምንት ይመረጥ። ዋናው ነገር በየዓመቱ በዚያው ሳምንት መቁጠር ነው። በመስከረም የተቆጠረውን በየካቲት ከተቆጠረው ጋር ማነጻጸር ዘር የተዘራበትን ወር ከአጨዳው ወር ጋር ማነጻጸር ነው።

ሁለተኛ፣ መሬቱን በየጠባዩ እንክፈለው። ረግረጉ፣ ተረተሩ፣ ከብት ውኃ የሚጠጣበት አካባቢ፣ ለመንደር የቀረበውና የራቀው አንድ አይደሉም። ከእያንዳንዱ ክፍል ካልተቆጠረ ውጤቱ የአንዱን ጥግ ብቻ ይናገራል።

ሦስተኛ፣ ማዕቀፉ የሚያርፍበትን ቦታ ዓይናችን እንዲመርጥ አንፍቀድ። የሰው ዓይን ወደ አበባው ያዳላል፤ ወይም አቤቱታ ማቅረብ የሚፈልግ ከሆነ ወደ ተራቆተው ያዳላል። ስለዚህ አስቀድሞ መነሻና አቅጣጫ ይወሰን። ለምሳሌ ከትልቁ ዋርካ ተነሥቶ ወደ ወንዙ በቀጥታ በመሄድ፣ በየሃያ እርምጃው ያለ ምርጫ ማዕቀፉን መጣል። መነሻውና አቅጣጫው በደብተሩ ይጻፍ፤ በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ሰው በዚያው መስመር እንዲሄድ።

አራተኛ፣ በእያንዳንዱ ማዕቀፍ ውስጥ የሚገኘው ዓይነት ሁሉ ይጻፍ፤ ከብት የሚወደውም የማይወደውም፣ ትልቁም ደቃቁም። ድርሻቸውን ለማወቅ ደግሞ በዚያው መስመር መቶ እርምጃ እየተራመድን፣ በእያንዳንዱ እርምጃ ከጫማችን ጫፍ ፊት ለፊት ያለው ምን እንደሆነ እንመዝግብ። ዕፅ ከሆነ ስሙን፤ ባዶ አፈር ከሆነ «ባዶ»፤ ድንጋይ ከሆነ «ድንጋይ»። መቶ እርምጃ ስለሆነ የተመዘገበው ቁጥር ራሱ ከመቶ ያለው እጅ ነው። የባዶው አፈር ቁጥር ብቻውን ብዙ ይናገራል። የሲምፕሰንን ስሌት ስንሠራ ግን ባዶውንና ድንጋዩን ትተን ዕፅዋቱን ብቻ እንይዛለን።

አምስተኛ፣ ስንት ማዕቀፍ ይበቃል? መሬቱ ራሱ ይነግረናል። በመጀመሪያው ማዕቀፍ የሚገኘው ሁሉ አዲስ ነው፤ በሁለተኛው ጥቂት አዲስ ይጨመራል፤ በሦስተኛው ከዚያ ያነሰ። አራት አምስት ማዕቀፍ በተከታታይ ጥለን አዲስ ዓይነት ካላገኘን የዚያ ክፍል ቆጠራ ወደ ፍጻሜው ደርሷል። አዲስ መገኘቱ ካልቆመ ግን ቆጠራው ገና ነው። ሁለት ቦታዎችን ስናነጻጽርም የማዕቀፉ ስፋትና ቁጥሩ እኩል ይሁን፤ ብዙ ቦታ የተመለከተ ሁልጊዜ ብዙ ዓይነት ያገኛልና።

ስድስተኛው የስም ጉዳይ ነው። የዕፅዋትን ስም የሚያውቁት ቢሮ ያሉ ሰዎች ብቻ አይደሉም። እረኞች ከብቱ አስቀድሞ የሚግጠውንና የሚተወውን ይለያሉ። መሶብ የሚሰፉ እናቶች ስንደዶውን ከአክርማው፣ የደረሰውን ካልደረሰው በመዳሰስ ያውቃሉ። ከሊቃውንቱም መካከል ዕፅ የሚለዩ አሉ። እነዚህ በቆጠራው ይገኙ። ሆኖም አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ የአካባቢ ስም አንዳንድ ጊዜ ብዙ ዓይነቶችን በአንድ ይጠቀልላል። «ማገጥ» ብለን የምንጠራው አንድ ዕፅ ይመስለናል፤ በአገራችን ግን ከሃያ በላይ የማገጥ ዝርያዎች አሉ፤ ከእነርሱም ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር የማይበቅሉ ይገኙባቸዋል። ስለዚህ በቅጠሉ ወይም በአበባው የተለየ ሲመስል «ማገጥ አንድ»፣ «ማገጥ ሁለት» ተብሎ ይጻፍ። ስሙ ያልታወቀው ከሥሩ፣ ከቅጠሉና ከአበባው ጋር ተነቅሎ በጋዜጣ መካከል ተጭኖ ይድረቅ፤ ቦታውና ቀኑም ይጻፍበት። ዕፁ በቦታው ጥቂት ብቻ ከሆነ ግን ሥሩ አይነቀል፤ ቅርንጫፍና ፎቶግራፍ ይበቃል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ብሔራዊ የዕፅዋት ቤተ መዘክር እንዲህ ያሉ ናሙናዎች የሚለዩበት ቦታ ነው። ከ1980 እስከ 2009 እ.ኤ.አ. የተዘጋጀው የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት መዝገብ በ8 ቅጾች የአገራችንን ዕፅዋት በየወገናቸው ዘርዝሯል፤ ናሙናው ከዚያ ጋር ይመሳከራል።

ቁጥሩን ማንበብ

የተቆጠረ ሁሉ የተረዳ አይደለም። ቁጥሩን ለማንበብ ዝርዝሩን በሦስት ዓምድ እንድትከፍሉት እንመክራለን። በመጀመሪያው ዓምድ ከብት አስቀድሞ የሚግጣቸው ጣፋጮች ይግቡ፤ ግጦሽ ሲበዛ ቀድመው የሚያንሱት እነርሱ ናቸው። በሁለተኛው ግጦሽን የሚችሉና ሌሎች ሲሸሹ ቦታ የሚይዙ ይግቡ። ሰርዶ ከእነዚህ ነው፤ መጥፎ ሣር አይደለም፣ አፈር ይይዛል፣ ከብትም ይበላዋል። ሜዳው በሙሉ ሰርዶ ሆኖ ሌላው ከጠፋ ግን መሬቱ ከአቅሙ በላይ እንደ ተጫነ ይነግረናል። ኮሸሽላና ሌላው እሾሃም ሲበዛ ደግሞ ጉዳቱ ጠልቋል። በሦስተኛው ዓምድ በአባቶቻችን ዘመን ያልነበሩ እንግዶች ይግቡ።

ይህ ሦስተኛው ዓምድ «ለምልሟል» የሚለውን ሪፖርት የሚፈትን ነው። ፓርቲኒየም የተባለው አረም በአገራችን መታየት የጀመረው በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው። ለዓይን አረንጓዴ ነው፤ ነጭ አበባም አለው። ከብት ግን ይሸሸዋል፤ ተቸግሮ ከበላውም ወተቱ ይመርራል። በአፋር ቆላ ፕሮሶፒስ የተባለው እሾሃማ ዛፍ በረሃማነትን ለመከላከል በመልካም ሐሳብ የተተከለ ነበር፤ ዛሬ በአዋሽ ተፋሰስ ሰፊ የግጦሽ መሬት ወርሶ አርብቶ አደሩን ከሣሩ ለይቶታል። ሁለቱም አረንጓዴ ናቸው። አንዳንዴም እንግዳ አረም ስለ ገባ ብቻ የዓይነት ቁጥር ከአምናው ከፍ ሊል ይችላል። ስለዚህ ቁጥር ያለ ስም ዝርዝር አይታመን፤ ሁለቱ አብረው ይቅረቡ።

በአንድ ዓመት ቁጥርም አንፍረድ። ዝናብ ባነሰበት ዓመት ብዙ ዓይነት ሳይበቅል ይቀራል፤ ያ የከብቱ በደል አይደለም። የዝናቡን ሥራ ከግጦሹ ሥራ ለመለየት ማነጻጸሪያ ቦታ ያስፈልጋል። እዚህ ላይ አጥቢያዎች ሌላ ድርጅት የሌለው ሀብት አላቸው። በቅጥሩ ውስጥ፣ በመካነ መቃብሩ ዙሪያ፣ ከብት የማይገባበት ሣር አለ። በዚያም ማዕቀፉን ጣሉ። በድርቅ ዓመት በውስጥም በውጭም ቁጥሩ ከወረደ ምክንያቱ ሰማዩ ነው፤ በውስጥ ጸንቶ በውጭ ብቻ ከወረደ ምክንያቱ እኛ ነን። በውጭ የጠፋ ዓይነት በውስጥ ከተገኘም ዘሩ ገና አልጠፋም ማለት ነው፤ ይህ ታላቅ ተስፋ ነው።

መክፈትና መዝጋት፤ የጓሳ ትምህርት

ብዙዎች መሬትን መጠበቅ ለዘለዓለም መዝጋት ይመስላቸዋል። ቆጠራ ግን ሌላ ነገር ያስተምራል። እርጥበት ባለበት ለም ሜዳ ሣሩ ሳይታጨድና ሳይጋጥ ብዙ ዓመት ከቆየ ረጃጅሞቹ ያይላሉ፤ ከሥራቸው ያሉ ደቃቆች፣ ማገጡን ጨምሮ፣ ብርሃን አጥተው ይመነምናሉ። ቁጥቋጦም ሊወርሰው ይችላል። ከመጠን ያለፈ ግጦሽ ዓይነትን ያጠፋል፤ በእንዲህ ያለ መሬት ፍጹም መዝጋትም በጊዜ ብዛት ያሳንሳል። መካከለኛውን ልክ የሚያገኘው የሚቆጥር ሰው ነው። በደረቅና በተራቆተ መሬት ላይ ግን ዕረፍቱ ሊረዝም ይገባል፤ ስለዚህ ለሁሉ አጥቢያ አንድ ትእዛዝ አይሰጥም።

ይህን ጥበብ አባቶቻችን ያውቁት ነበር። በሰሜን ሸዋ በመንዝ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የሚገኘው የጓሳ ምድር ለዚህ ምስክር ነው። ሣሩ ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለገሳ ይውላል፤ በምድሪቱም ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ይኖራሉ። ሕዝቡ ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ እንደ ተያዘ በሚነገረው «ቄሮ» በተባለ ሥርዓት በመረጣቸው ኃላፊዎች አማካይነት መሬቱን ይጠብቅ ነበር። ኃላፊዎቹ ሣሩ መድረሱን ባመኑ ጊዜ፣ አብዛኛውን ጊዜ በጋው ሲበረታ፣ የመክፈቻውን ቀን ያውጃሉ፤ መጀመሪያ ሣሩ ይታጨዳል፤ ከዚያም ከብት ይገባል። ክረምት ሲገባ፣ የሐዋርያት ጾም በሚፈታበት በሐምሌ 5፣ በቅዱስ ጴጥሮስና በቅዱስ ጳውሎስ በዓል፣ ሰውም ከብትም ይወጣል፤ ምድሪቱም እስከሚቀጥለው መክፈቻ ተዘግታ ታርፋለች።

በዚህ ሥርዓት ውስጥ ሁለት ነገሮችን አስተውሉ። መዝጊያው በቤተ ክርስቲያን የበዓል አቆጣጠር የጸና ነበር፤ ሕዝቡ የሚያውቀውና የሚያከብረው ቀን ስለሆነ ማንም «አልሰማሁም» ሊል አይችልም። መክፈቻው ግን በቀን ያልተወሰነ ነበር፤ ሣሩ ታይቶ ይወሰናል። ዕፁ በሚያድግበትና ዘር በሚይዝበት ወራት ዕረፍት፣ ከደረሰ በኋላ አገልግሎት፤ ይህ ዛሬ በሥነ ምኅዳር ትምህርት የሚነገረው ነው። በ1967 ዓ.ም. የወጣው የመሬት አዋጅ የርስቱን መሠረት ሲለውጠው የቄሮ ሥርዓትም ተቋረጠ። በኋላ የአካባቢው ሕዝብ በአዲስ መልክ ተደራጅቶ መሬቱን የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ አድርጎ ይዞታል። አባቶች በዓይናቸው አይተው ይከፍቱ ነበር፤ እኛም በዓይናችን ላይ ደብተር እንጨምር። ዓይን ያየውን ከአምስት ዓመት በኋላ ይረሳል፤ ደብተር አይረሳም፤ ኃላፊ ሲለወጥም ለተተኪው ይናገራል።

ከሰበካ ጉባኤያት የምንጠይቀው

እንግዲህ የምንጠይቃችሁ አምስት ነገሮችን ነው።

አንደኛ፣ የወል ግጦሽ መሬትን ለመዝጋት፣ ለመክፈት ወይም ዛፍ ለመትከል ከመወሰናችሁ በፊት ቆጠራ ይደረግ። በተለይ ባሕር ዛፍ ለመትከል ሲታሰብ በዚያ ቦታ ያለው የዕፅ ዝርዝር በጉባኤው ፊት ይነበብ። ገቢው ይታወቃል፤ የሚጠፋውም በስም ይታወቅ።

ሁለተኛ፣ ለቆጠራው አንድ ቡድን ይመረጥ፤ አንድ ካህን፣ አንድ እረኛ፣ ስፌት የምታውቅ አንዲት እናት፣ አንድ አረጋዊ ገበሬ፣ መጻፍና ማስላት የሚችል አንድ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣት ይግቡበት። የግብርና ባለሙያ ካለ ይጋበዝ።

ሦስተኛ፣ ደብተሩ ከሰበካ ጉባኤው መዛግብት ጋር ይቀመጥ። በየዓመቱ መስመሩ፣ ቀኑ፣ ቆጣሪዎቹ፣ የዓይነቶቹ ዝርዝር፣ ከመቶ ያላቸው ድርሻና ባዶው አፈር ይጻፍበት።

አራተኛ፣ ውጤቱ ለምእመናን ሁሉ በግልጽ ይነገር። ከብቱን ከመሬቱ የሚያስወጣ ድሃ ገበሬ ምክንያቱን የማወቅ መብት አለው። «ማገጡ ከመቶ ይህን ያህል ነበር፤ አሁን ይህን ያህል ቀረ» ተብሎ በራሱ ቋንቋና ራሱ በሚያውቀው ዕፅ ሲነገረው ትእዛዝ ብቻ ከመስማት የተሻለ ይቀበለዋል። መሬቱ ሲያገግምም የሚከፈትበትን ቀን እርሱ ራሱ ቆጥሮ ይጠብቃል። ዝግ በሆነበት ወራት አጭዶ መመገብ የሚቻልበት ሥርዓትም ይታሰብለት፤ መኖ ሳናዘጋጅ መሬት ብንዘጋ ሸክሙን ከአንዱ ሜዳ ወደ ሌላው ማዛወር ብቻ ይሆናል።

አምስተኛ፣ ወደ እኛ በምትልኩት ሪፖርት ላይ «ለምልሟል» ከሚለው ቃል ጎን ዝርዝሩን ጨምሩበት። ስንት ዓይነት፣ የትኞቹ፣ በምን ድርሻ፣ ከአምናው ምን ጨመረ፣ ምን ጎደለ። ቁጥሩ ዝቅ ብሎ ቢገኝም ሳታፍሩ ላኩት። እውነተኛ ዝቅተኛ ቁጥር ከውሸት ልምላሜ ይልቅ ለሥራ ይጠቅመናል፤ ከየት እንደምንነሣ ያሳየናልና።

አባቶችና ወንድሞች፣ እናቶችና እኅቶች፤ መጽሐፍ ቅዱስ ስለ ንጉሥ ሰሎሞን ጥበብ ሲናገር ከታላቁ ዝግባ እስከ በቅጥር ላይ እስከሚበቅለው ደቃቅ ሂሶጵ ድረስ ማወቁን ያነሣል። እኛ ዝግባውን ጠብቀናል፤ ስለ እርሱም እንመሰገናለን። አሁን ተራው የደቃቁ ነው። በሚመጣው መስከረም፣ የመስቀል ደመራ በተለኮሰበት ሜዳ ላይ፣ አራት እንጨትና አንድ ደብተር ይዛችሁ ጎንበስ እንድትሉ እንለምናችኋለን። የተቀበልነውን አደራ ቆጥረን ካልተረከብን፣ ቆጥረን ማስረከብ አይቻለንም።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።